አንድ የናስ ሳጥን፣ 40 ተማሪ፦ የ1914ን ጦርነት ለ7ኛ ክፍል ከዕቃው ተነስቶ ማስተማር

ጠመኔ
ሰላም ለሁላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ለ7ኛ ክፍል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዕቃ ተነስቶ ስለማስተማር ምክር እፈልጋለሁ። ዕቃው የልዕልት ሜሪ የገና ሳጥን ነው። ለማታውቁት፦ 12.7 ሴ.ሜ ገደማ ርዝመት፣ 8.3 ሴ.ሜ ወርድ፣ 3.2 ሴ.ሜ ከፍታ ያለው፣ ክዳኑ በማጠፊያ የሚከፈት የናስ ሳጥን ነው። ክዳኑ መሃል ላይ የልዕልቲቱ የጎን ገጽታ በአክሊል ተከቦ ይታያል፤ ግራና ቀኙ «ኤም» የሚል ፊደል አለ። ከላይ «ኢምፔሪየም ብሪታኒኩም» (በላቲን «የብሪታንያ ኢምፓየር»)፣ ከታች «ገና 1914» ይላል። በአራቱ ማዕዘን ቤልጂየም፣ ጃፓን፣ ሞንቴኔግሮና ሰርቪያ (ሰርቢያ)፣ በሁለቱ ጎን ደግሞ ፈረንሳይና ሩሲያ ተጽፈዋል።

ሜሪ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ልጅ ናት፤ ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። በኦክቶበር 1914 በስሟ መዋጮ ተጠራ፤ ስጦታው መጀመሪያ ግንባር ላሉት ነበር የታሰበው፤ ኋላ ግን በዚያ ገና ዕለት የንጉሡን መለዮ የለበሰ ሁሉ ይድረሰው ተባለና ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚመለከተው ሆነ።

እቅዴ ይህ ነው፦ ሳጥኑን ማሳየት፣ ታሪኩን መንገር፣ ከዚያ ጥያቄ ማስጻፍ። 45 ደቂቃ፣ 40 ተማሪ፣ አንድ ሳጥን። የቱ ጋ ነው የሚላላው?

ቀለም ቀንድ
ሁለተኛው ላይ ነው የሚላላው። ታሪኩ ቀድሞ ከተነገረ ሳጥኑ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ይሆናል። ልጆቹ አንዴ «የገና ስጦታ ነው» ከተባሉ በኋላ ክዳኑን የሚያነብ አይኖርም፤ መልሱ እጃቸው ገብቷላ።

እኔ የምለው «ገና 1914» የሚለውን ይሸፍኑት። ሙጫ ያለው ነገር እንዳይነካው፤ ከአሲድ ነጻ የሆነ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠው ሳጥኑን ዙሪያውን ጠቅልለው በጥጥ ጥብጣብ ያስሩት። ከዚያ ለክፍሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይስጡ፦ ይህ ሳጥን መቼ ተሠራ? የአገራቱ ስም መልሱን ይዟል። ጃፓን በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችው በኦገስት 23 ቀን 1914 ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ ከዚያ ወዲህ ነው። ጣሊያን ደግሞ የለችም። እሷ ከነፈረንሳይ ጋር ተሰልፋ በኦስትሪያ ሃንጋሪ ላይ ያወጀችው በሜይ 23 ቀን 1915 ነው፤ ስለዚህ ንድፉ ከዚያ በፊት ነው። ሮማኒያ (1916) እና አሜሪካ (1917) አለመኖራቸውም ይህንኑ ይደግፋል። ልጆቹ ይህን የሚሠሩት አገራት ወደ ጦርነቱ የገቡበትን ቀን የያዘ የአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይዘው ነው። ወረቀቱ ሲነሳና 1914 ሲገለጥ የራሳቸው ስሌት መያዙን ያያሉ። በመምህር ቃል ከመስማት ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የማህደር ሰው
ስለ አያያዙ ልጨምር፤ ብዙ ዕቃ የሚጎዳው በፍቅር ነው።

ናስ የጣት አሻራ አይረሳም። በላብ ውስጥ ያለው ጨውና አሲድ ብረቱን ይበላዋል፤ ዛሬ የማይታይ አሻራ ከወራት በኋላ ቡናማ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ዱቄት የሌለው የናይትራይል (ሐኪሞች የሚያጠልቁት ዓይነት ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ይጠቀሙ። ነጩ የጥጥ ጓንት በፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ብረት ላይ ያንሸራትታል፣ ክሩም ማጠፊያው ላይ ይያዛል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካርድና ፎቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፦ ለወረቀት ታጥቦ በደንብ የደረቀ ባዶ እጅ ከጥጥ ጓንት ይሻላል፤ ጓንት የለበሰ ጣት የወረቀቱን ጠርዝ ስለማያውቀው ይቀደዳል። ፎቶውን ግን ፊቱን ሳይነኩ ጠርዙን ብቻ ነው መያዝ።

ከሳጥኑ በታች 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ስፖንጅ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ማንም ከጨርቁ ላይ ከ10 ሴ.ሜ በላይ አያነሳውም። በጠረጴዛው ዙሪያ እስክሪብቶ የለም፣ እርሳስ ብቻ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ። ቀድሞ የሚሄደው ማጠፊያው ነው፦ ክዳኑን አንድ እጅ ይደግፈው፣ ከ90 ዲግሪ አያልፍ።

አይወልውሉት። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ አይወልውሉት። መወልወያ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ የተቀረጸውን ነው፤ የልዕልቲቱ ጸጉር ይጠፋል፣ «ሞንቴኔግሮ» የማይነበብ ይሆናል። አሞኒያ ያለበት መወልወያ ደግሞ ተቀጥቅጦ የተሠራ ናስን ይሰነጥቃል። በስንጥቆቹ ውስጥ የሚታየው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ብዙ ጊዜ የቀድሞ ውልወላ ትራፊ ነው።

ሰሌዳ
ቀለም ቀንድ፣ ዘመኑን የማስላቱ ሥራ ግሩም ነው፤ ግን ጃፓን ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ብሪታንያና ጃፓን ከ1902 ጀምሮ በቃል ኪዳን የተሳሰሩ ናቸው። ጎበዝ ተማሪ «ስሟ በዚያ የተነሳ ቢሆንስ?» ቢል ልክ ነው። ጠንካራው መነሻ ቤልጂየም ናት፦ በ1839 ውል ገለልተኛ ሆና የቆየች አገር በማንም ወገን የተባባሪ ዝርዝር ውስጥ ልትገባ አትችልም፤ የገባችው ጀርመን በኦገስት 4 ቀን 1914 ድንበሯን ስለጣሰች ነው። ጃፓን ይህንን በ19 ቀን ታጠብባለች እንጂ ብቻዋን አትቆምም።

የጣሊያን አለመኖርም ከቤልጂየም መኖር እኩል አይመዝንም። የተጻፈ ስም ማስረጃ ነው፤ ያልተጻፈ ስም ፍንጭ ነው። ፍንጩን የሚያጠነክረው ትንሿ ሞንቴኔግሮ መጻፏ ነው፤ እሷን ያልረሳ ንድፍ ጣሊያንን አይረሳም። ይህን ልዩነት የ13 ዓመት ልጅ ይረዳዋል፣ «እርግጠኛ» እና «ይመስላል» በሚሉ ሁለት ቀለሞች ካስመሩት።

ቀለም ቀንድ
እውነት ነው፤ ቤልጂየም ትቅደም። ሠንጠረዡ ላይ የ1839ን ውልና የ1902ን ቃል ኪዳንም ማስገባት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አለዚያ ልጆቹ የሚያገኙት መንገድ የለም።

ጠመኔ
ቤልጂየምን አላሰብኳትም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ሰዓቱስ? 40 ልጅ በአንድ ሳጥን ዙሪያ አይቆምም።

ደወል
ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሁን፤ በአንዱ አይሞከርም። የመጀመሪያው እንዲህ ይደላደላል። 5 ደቂቃ ያለ ንግግር ማየት፦ ክዳኑ በኤ3 ወረቀት ጎልቶ ታትሞ ለየቡድኑ ይሰጣል፤ እዚያም ላይ ዓመቱ ይሸፈን፣ ይህ ሁሌ የሚረሳ ነው። ከዚያ 8 ቡድን፣ 5 ተማሪ በቡድን። እያንዳንዱ ቡድን ሳጥኑ ጋ 3 ደቂቃ፣ መቀያየሪያ ግማሽ ደቂቃ፤ ጠቅላላው 28 ደቂቃ ገደማ ነው። መጨረሻ ላይ ለመነጋገሪያ 10 ደቂቃ ይተርፋል። ከ5ቱ አንዱ ብቻ ያዥ ይሆናል፣ 8 ጥንድ ጓንት ይበቃል፤ አንዱ አጉሊ መነጽር ይይዛል፣ አንዱ በማስመሪያ ይለካል (የፕላስቲክ እንጂ የብረት ማስመሪያ አይደለም)፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ባትሪ ያበራል። ባትሪው ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ ብሎ ይብራ፤ ያኔ ቅርጹ ጥላ ይጥልና ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። ከላይ ከበራ ናሱ ያንጸባርቃል፣ ምንም አይታይም።

ተራ የሚጠብቁት ቡድኖች ሥራ ከሌላቸው ክፍሉ ይበተናል። ለእነሱ በትክክለኛው መጠን ከካርቶን የተሠራ ሳጥን ይስጧቸው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል ወይ? ምን ምን ይይዛል? የሚለውን ይሞክሩበት። መጠኑን በፎቶ የሚረዳ ልጅ የለም፤ ሁሌም ከእውነተኛው ያተልቁታል።

ወረቀት አድርገው በእርሳስ መፈግፈግ በእውነተኛው ላይ ክልክል ነው። የሚፈለግ ከሆነ ዘመናዊ ቅጂ ላይ ይሁን።

ምንጭ ፈላጊ
ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለይዘቱ ስጡት። የሳጥኑ ሀብት ያለው እዚያ ነው።

የሚያጨሰው ወታደር ቧንቧ፣ መለኮሻ፣ 1 አውንስ (28 ግራም) ትምባሆና 20 ሲጋራ ደረሰው። የማያጨሰው የከረሜላ ጥቅልና ካኪ ቀለም ያለው የመጻፊያ መያዣ፣ ከነእርሳሱ፣ ወረቀቱና ፖስታው። ከሕንድ ሠራዊት ውስጥ ጉርካዎች (ከኔፓል የተመለመሉ ወታደሮች) ከብሪታንያውያኑ እኩል ተሰጣቸው፤ ሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) የስኳር ከረሜላና በቆርቆሮ የተሞላ ቅመም፣ ሲጋራ ግን የለም፤ ሌሎቹ ሕንዳውያን ሲጋራም፣ ከረሜላም፣ ቅመምም። ነርሶች ቸኮላት። የሰላምታ ካርድ ለሁሉም።

አሠራሩ፦ አምስቱን የይዘት ዝርዝር በአምስት ካርድ ያትሙ፣ ተቀባዮቹን በሌላ አምስት ካርድ። አራት በአራት የተከፈለ ቡድን ያዛምድ። የሲኮቹን ማንም በመጀመሪያ አያገኘውም። ትምባሆ በሃይማኖታቸው የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ አጭር አንቀጽ ከዚያ በኋላ ይሰጥ፣ አስቀድሞ አይደለም። ከዚያ ጥያቄው ራሱ ይመጣል፦ ለንደን ውስጥ ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ይህን ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ለምን ማወቅ አስፈለገው? አንድ ኢምፓየር ወታደሮቹን እንዴት እንደሚመድብ፣ ማንን በምን ዓይን እንደሚያይ፣ እስከ ከረሜላው ድረስ ተጽፏል። ነርሶቹ በቸኮላት መለየታቸውም ዝም ተብሎ አይታለፍ።

ትምባሆ ክፍል ውስጥ አይግባ። 28 ግራም የደረቀ ቅጠል መዝኖ በከረጢት ማሳየት ይበቃል። «ልዕልት ሲጋራ ለምን ትሰጣለች?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ያኔ ትምባሆ እንደ መደበኛ የወታደር ስንቅ ይታይ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ ማለፍ ነው።

ጠመኔ
ክዳኑ ላይ ሕንድ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ የሉም። ልጆቹ ከጠየቁ መልሱ «ኢምፔሪየም ብሪታኒኩም» የሚለው ውስጥ ናቸው ማለት ነው?

ሰሌዳ
አዎ፣ እና ይህ የክዳኑ ትልቁ ዝምታ ነው። የሕንድ ወታደሮች ማርሴይ መውረድ የጀመሩት በሴፕቴምበር 1914 መጨረሻ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን ከአገራቸው ውጭ አገልግለዋል። ሞንቴኔግሮ ግን ስም አላት፣ ሕንድ የላትም። ክዳኑ የሚዘረዝረው መንግሥታትን ነው እንጂ የተዋጉ ሕዝቦችን አይደለም። ሳጥኑን ክፍት አድርገው ክዳኑንና ቅመሙን ጎን ለጎን ያሳዩ፦ ውጭው የማይጠራቸውን ውስጡ ያውቃቸዋል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው እንዲያገኙት 2 ደቂቃ ዝምታ ይስጧቸው፤ መምህሩ ቸኩሎ ከተናገረው ይባክናል።

የማህደር ሰው
ስለ ትክክለኛነቱ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሳጥኑ ላይ የተቀባይ ስም የለም። ስለዚህ «ይህ ሳጥን ምሽግ ውስጥ ከእገሌ ጋር ነበር» የሚል ታሪክ አብሮ ከመጣ፣ ያንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ወይም የአገልግሎት ሰነድ ካልተያያዘ ወሬ ነው። ውስጡ ያለው ዕቃም ብዙ ጊዜ ኋላ በሻጮች የተሰባሰበ ነው። ዘመናዊ ቅጂም ሞልቷል። ይህን ለልጆቹ መደበቅ አያስፈልግም፤ «ይዘቱ ከሳጥኑ ጋር እንደነበረ በምን እናውቃለን?» የሚለው ራሱ የታሪክ ትምህርት ነው።

ናሱም ይናገራል። ኋላ የተሠሩት ሳጥኖች ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ናስ ለጥይትና ለመድፍ ቀለሃ ይፈለግ ነበርና ስጦታው ወረፋ መጠበቅ ነበረበት። ከአሜሪካ ይመጣ ከነበረው ናስ ከፊሉ በሜይ 7 ቀን 1915 ከሉሲታንያ መርከብ ጋር ሰጥሟል። መፈተሽ ከፈለጉ ትንሽ ማግኔት በክር አንጠልጥለው ከጎኑ በ1 ሴ.ሜ ርቀት ያስጠጉ፣ አያስነኩ። ናስ ማግኔት አይስበውም፤ ክሩ ካዘነበለ ከስር ብረት አለ ማለት ነው። ይህን የሚሠራው መምህሩ ነው።

ደወል
መለኮሻውም አልዳረሰም፤ በምትኩ የጥይት ቅርጽ ያለው እርሳስ፣ ማበጠሪያ፣ መቀስ፣ የመላጫ ብሩሽ የደረሳቸው ነበሩ። ከገና በኋላ ለደረሳቸው ደግሞ ካርዱ የአዲስ ዓመት ምኞት ሆነ። በጥቂት ወር ያልቃል ተብሎ የተጀመረ ነገር እንዴት እየረዘመ እንደሄደ ከዚህ ይነበባል።

ጥያቄ አለኝ
ይቅርታ፣ እኔ ግን ሳጥኑ ያሳስበኛል። ያምራል። ከረሜላ፣ ካርድ፣ የልዕልት ፎቶ። ልጆቹ ጦርነት ማለት ስጦታ የሚታደልበት ነገር ነው ብለው ቢወጡስ? በዚያው መከር ቤልጂየም ውስጥ ብዙ ሰው ያለቀበት የመጀመሪያው የኢፕር ውጊያ ነበር።

ምንጭ ፈላጊ
ስጋቱ ተገቢ ነው። የአስከሬን ፎቶ ማምጣት ግን ለ12 ዓመት ልጅ መድኃኒቱ አይደለም፤ ልጁ ይደነግጣል እንጂ አያስብም። ከሳጥኑ ጎን ሌላ ተራ ዕቃ ያስቀምጡ፦ የግንባር ፖስታ ካርድ። የብሪታንያ ወታደር ወደ ቤቱ የሚልከው የታተመ ካርድ ነው። «ደህና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ»፣ «ደብዳቤህ ደርሶኛል» የመሳሰሉ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረውበታል፤ የማያስፈልገውን መሰረዝ ብቻ ነው። ከቀንና ከፊርማ በቀር አንዲት ቃል ከተጨመረችበት ካርዱ እንደሚወገድ እዚያው ተጽፏል።

ለየተማሪው አንድ አንድ ቅጂ ሰጥተው 3 ደቂቃ ይሙሉት። ከዚያ የማያጨሰውን ወታደር የመጻፊያ መያዣ ያስታውሷቸው፦ ወረቀትና እርሳስ ሰጠው፤ ምን እንዲጽፍበት ተፈቀደለት? ክፍሉ በዚህ ጊዜ ጸጥ ይላል። ለመጻፍ የሚፈልጉትና ካርዱ ላይ የሌለው ነገር ምን እንደሆነ አንድ መስመር ያስጽፉ፤ ጦርነቱ የሚገባው እዚያ ጋ ነው።

ጥያቄ አለኝ
ይህ አጥግቦኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ሳጥኑ ብቻውን የማይናገረውን ይናገራሉ።

ሰሌዳ
ስለ ማርክ። «ወታደር ብትሆን ምን ይሰማህ ነበር?» የሚለውን የጽሑፍ ሥራ እባካችሁ ተዉት። ልጁ ከፊልም ያየውን ይጽፋል፣ ሳጥኑን ሳያየውም ሊጽፈው ይችል ነበር። በምትኩ ሦስት ዓምድ፦ ያየሁት፣ የገመትኩት፣ የማረጋግጥበት። ለምሳሌ «ሰርቪያ በ‹ቪ› ተጽፏል» ያየሁት ነው፤ «የፊደል ስህተት ነው» የገመትኩት፤ «የዘመኑ ጋዜጣ ላይ አያለሁ» የማረጋግጥበት። ሲያዩ ግምታቸው ይወድቃል፤ በእንግሊዝኛ ያኔ የተለመደው አጻጻፍ ያ ነበር። የወደቀ ግምት ማርክ አያስቀንስ፣ እንዲያውም ሦስተኛውን ዓምድ የሞላ ይሸለም።

ከ10 ቢሆን፦ 3 ለትክክለኛ ምልከታ፣ 4 ከምልከታ ወደ ግምት ላለው ትስስር፣ 3 ለማረጋገጫው። ብዙ ልጅ «ወርቅ ነው» ብሎ ምልከታ ዓምድ ውስጥ ይጽፋል። ቢጫ መሆኑ ምልከታ ነው፣ ወርቅ መሆኑ ግምት ነው። ይህችን አንዷን በሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማሳየት ቀሪውን ያቃናል።

ጠመኔ
ዓምዶቹን ወስጃለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከሳጥኑ ጎን ሌሎች የጦርነት ዕቃዎች ልጨምር? የጋዝ ጭምብልና የጥይት ቀለሃ አብሮ ሊገኝ ይችላል።

የማህደር ሰው
ጭምብሉን አይንኩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ ሲቪሎች የታደሉት ጭምብሎች ማጣሪያ ውስጥ አስቤስቶስ አለ። ልጅ አጥልቆት ቢተነፍስበት ቃጫው ወደ ሳንባው ይገባል፣ አይወጣም። በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ፣ የአደገኛ ዕቃ ማስወገድ ለሚያውቅ ክፍል ይሰጥ። በጨለማ የሚያበሩ የድሮ ሰዓትና መለኪያዎችም ሬዲየም ሊኖርባቸው ይችላል፤ ቀለሙ መብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አላቆመም፣ መስታወቱም አይከፈት።

ቀለሃ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ወልቆ፣ መምቻው ተመትቶ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑ በባለሙያ ካልተረጋገጠ ትምህርት ቤት በር ላይ አይድረስ። «አሮጌ ነው፣ አይፈነዳም» የሚለው ስህተት ነው፤ ፈንጂ ሲያረጅ የበለጠ የማይታመን ይሆናል።

ደወል የጠቀሰው የጥይት ቅርጽ ያለው እርሳስም ከሳጥኑ ጋር ካለ፣ ክፍል ከመግባቱ በፊት ለርዕሰ መምህሩና ለጥበቃው ይነገር፤ ቦርሳ ሲፈተሽ እውነተኛ ጥይት ነው የሚመስለው። ክፍል ውስጥም መጀመሪያ እርሳሱ ተስቦ ወጥቶ ይታይ፣ ቀለሃው ከዚያ በኋላ።